በውክፔዲያ ጸሐፊዎች መካከል የሚሰጠው ኮከብ

ውክፔዲያ ላይ የሚጽፍ ሰው ስሙ በጽሑፉ ራስጌ አይወጣም። ስለ ጣና ሐይቅ፣ ስለ ዐፄ ፋሲል ወይም ስለ ወባ በሽታ የሚያነብ ሰው ጽሑፉን ማን እንደ ጀመረው፣ ማን እንዳረመው፣ የትኛውን ዓረፍተ ነገር ማን እንዳስገባው ለማወቅ ቢፈልግ «የእትሞች ታሪክ» የሚለውን ገጽ መክፈት ይኖርበታል፤ ይህን የሚያደርግ አንባቢ ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። ደመወዝ የለም፤ የደራሲ ክፍያ የለም፤ በመጽሐፍ ጀርባ የሚታተም ፎቶግራፍም የለም። እንዲህም ሆኖ መዝገበ ዕውቀቱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2001 ከተከፈተ ወዲህ ከ300 በሚበልጡ ቋንቋዎች ሰዎች ከዕረፍት ሰዓታቸው እየቀነሱ ሲጽፉበት ኖረዋል። እኔም ባሕር ዳር ሆነው በአማርኛው ውክፔዲያ ላይ ከሚጽፉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ሥራውን ይበልጥ ባወቅሁት ቁጥር እየከበደ የመጣብኝ ጥያቄ፣ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራን ሰው ማን ያመሰግነዋል፣ በምንስ ያመሰግነዋል የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው የሰጡት መልስ አለ። ባርንስታር ይሉታል። አንድ የውክፔዲያ ጸሐፊ ለሌላው ጸሐፊ በውይይት ገጹ ላይ የሚለጥፍለት የኮከብ ሥዕልና ከሥሩ የሚጻፍ አጭር የምስጋና ቃል ነው። ገንዘብ የለበትም፤ ሥልጣን አያስገኝም፤ ዳኛም ሆነ ኮሚቴ የለውም። ማንኛውም ጸሐፊ ለማንኛውም ጸሐፊ ሊሰጠው ይችላል። ታሪኩን ስከታተል ከዚህ ትንሽ ሥዕል ጀርባ ሰዎች ያለ ክፍያ አብረው እንዴት እንደሚሠሩ የሚያስረዳ ሰፊ ጉዳይ እንዳለ አየሁ፤ ጉዳዩ በአማርኛ የምንጽፈውን ሰዎች በተለይ ይመለከታል ብዬ ስለማምን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ላቀርበው ወደድሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከውክፔዲያ ውጭ ነው። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ዋርድ ከኒንግሃም ማንኛውም ጎብኚ ሊያርመው የሚችለውን የመጀመሪያውን ዊኪ እ.ኤ.አ. በ1995 ከከፈተ በኋላ በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ሌሎች ገጾች ተከተሉ። ከእነዚህ አንዱ ሰኒር ሻህ እ.ኤ.አ. በ2000 የመሠረተው ሚትቦል ዊኪ ነበር። የሚትቦል ተሳታፊዎች የሚወያዩት በኢንተርኔት ላይ የሚሰባሰቡ ማኅበረሰቦች እንዴት እንደሚመሠረቱ፣ በምን እንደሚጣሉና በምን እንደሚታረቁ ነበር። ለጥሩ ሥራ ኮከብ የመስጠት ሐሳብ እዚያ ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2003 ወደ እንግሊዝኛው ውክፔዲያ ተሻገረ። የመጀመሪያው ምልክት ዝገት የለበሰ የሚመስል ባለ አምስት ጫፍ የብረት ኮከብ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ይሰጣል።

ኮከቡ የተወሰደው ከገበሬዎች ቤት ነው። በአሜሪካ፣ በተለይም በፔንስልቬንያ፣ ከጀርመን አገር የመጡ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች እህልና ድርቆሽ የሚያከማቹበትንና ከብት የሚያሳድሩበትን ትልቅ ቤት በቀለም በተሣለ ወይም ከብረት በተሠራ ኮከብ ያስጌጡ ነበር። እንዲህ ያለውን ቤት አንድ ገበሬ ብቻውን ሊያቆመው አይችልም። ጎረቤቶቹ ሁሉ በአንድ ቀን ይሰበሰቡና ምሰሶውንና ወራጁን አብረው ያቆሙለታል፤ ሴቶቹ ምግቡን ያዘጋጃሉ፤ ሲመሽ ቤቱ ቆሞ ይታያል። የሚትቦል ሰዎች ዊኪን ያዩት በዚህ ዓይን ነበር። ብዙ ሰዎች እያንዳንዳቸው ጥቂት እየሠሩ አንድም ሰው ብቻውን ሊያቆመው የማይችለውን ያቆማሉ፤ ቤቱ ከቆመ በኋላ በግድግዳው ላይ የሚደረገው ኮከብ ደግሞ የተሠራውን ሥራ ያስታውሳል።

ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት ብዙ አያደክምም፤ ደቦን፣ ጅጌንና ወንፈልን እናውቃለንና። ስለ ባርንስታር መጀመሪያ ሳነብ ወዲያው ወደ አእምሮዬ የመጣው የአጨዳ ደቦ ነው። በወንፈል ዛሬ የሠራህልኝን ነገ በተራዬ እሠራልሃለሁ፤ ሒሳቡ ግልጽ ነው። በደቦ ግን ጠሪው ጠላውንና እንጀራውን ያቀርባል፤ የተጠራው ደግሞ ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ በመካከላቸው ያለው ውለታ በቀን ሒሳብ አይለካም። በደቦው ላይ ከምግቡ ያላነሰ ጉልበት የሚሰጠው ዘፈኑ ነው። ዜማ የሚያወጣው ሰው ጎበዙን አጫጅ በአባቱ ስም እየጠራ ያወድሰዋል፤ የተወደሰውም እጁን ያፈጥናል፤ ከጎኑ ያለው ደግሞ የእርሱም ስም እንዲነሣ ይበረታል። ውዳሴው በዓመቱ መጨረሻ በአዳራሽ የሚነበብ አይደለም፤ ሥራው ባለበት ቦታና ሰዓት፣ ሥራውን በዓይኑ ካየ ሰው አፍ ይወጣል።

ሆኖም ደቦና ውክፔዲያ የሚለያዩበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ደቦ ባለቤት አለው። ማሳው የእገሌ ነው፤ የሚያበላውም የሚያመሰግነውም እርሱ ነው። መዝገበ ዕውቀቱ ግን የማንም ማሳ አይደለም፤ ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው ዊኪሜዲያ የተባለው ድርጅት እንኳ ጽሑፎቹን አይጽፍም፣ ማን ምን እንዲጽፍም አያዝዝም። ስለዚህ ምስጋናው ከባለቤት ሊመጣ አልቻለም፤ ከጎን፣ ከሥራ ባልደረባ መምጣት ነበረበት። እኛ የምናውቃቸው ሽልማቶች አብዛኛዎቹ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ናቸው። በንጉሡ ዘመን ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍና ለሥነ ጥበብ ይሰጥ የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ክብሩ የመጣው ከሰጪው ከፍታ ነው። ባርንስታር ከፍታ የለውም። ሰጪው ከተቀባዩ ጋር እኩል ነው፤ ክብሩ የሚመጣው ሰጪው ሥራውን ስለሚያውቀው ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2003 በኋላ ኮከቦቹ በዙ። ያለ መታከት ለሚጽፍ፣ የቋንቋ ግድፈት ለሚያርም፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሚያበረክት፣ ገጾችን ከአጥፊዎች ለሚጠብቅ፣ በክርክር መካከል በጎ ቃል ለሚናገር፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ኮከብ ተሠራለት። ለጥቃቅን እርማቶች እንኳ «ትንሹ» የሚባል ኮከብ አለ። መብዛቱ ዋጋውን ያረክሰዋል የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ግን መብዛቱ አንድ ጠቃሚ ነገር እንዳሳየ አስባለሁ። ትራቪስ ክሪፕሊን፣ ኢቫን ቤሻስትኒክ እና ዴቪድ ማክዶናልድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት የተሰጡትን ባርንስታሮች ሰብስበው፣ ጸሐፊዎቹ ዋጋ የሚሰጡት ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ከምስጋናው ቃል መረመሩ። ያገኙት ነገር፣ የሚመሰገነው ሥራ ከመጻፍ እጅግ የሰፋ መሆኑ ነው፤ ማስታረቅ፣ አዲስ ሰው መምራት፣ ማበረታታትና ማስተዳደር ሁሉ በኮከቦቹ ውስጥ ተመዝግበው ተገኙ። በስታቲስቲክስ ሰሌዳ ላይ የማይታይ ሥራ በእነዚህ አጫጭር የምስጋና መስመሮች ውስጥ ይታያል።

በአማርኛው ውክፔዲያ የማይታየው ሥራ ምን እንደሚመስል ልናገር፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ወደ ልቤ የሚቀርበው ይህ ነውና። ፊደላችን አንድ ድምፅ የሚወክሉ የተለያዩ ሆሄያት አሉት። አንዱ አንባቢ «ሐይቅ» ብሎ ይፈልጋል፤ ሌላው «ሀይቅ»፤ ሦስተኛው «ኃይቅ»። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ዓባይ» እና «አባይ»፣ «ሥላሴ» እና «ስላሴ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ናቸው። አንድ ሰው ተቀምጦ ከእያንዳንዱ አጻጻፍ ወደ ትክክለኛው ገጽ የሚመራ «መምሪያ ገጽ» ካልሠራ፣ ጽሑፉ ተጽፎ ሳለ አንባቢው ገና እንዳልተጻፈ ቆጥሮ ይመለሳል። ይህ ሥራ በአማርኛው ውክፔዲያ ለረጅም ጊዜ በእጅ ሲሠራ የኖረ ነው፤ የሠሩትን ሰዎች የሚያውቃቸው ግን የለም።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ከውጭ ቋንቋ የተወሰደ ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር ሲጻፍ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ይቀነሳል፤ ወሩ ካልታወቀ ደግሞ በግምት መቀነስ ስሕተት ያስገባል። «1960» ብሎ የጻፈ ሰው የትኛውን አቆጣጠር ማለቱ እንደሆነ ለማረጋገጥ አንዳንድ ጊዜ መጽሐፍ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ የምርመራው ውጤት በጽሑፉ ላይ ሦስት ፊደላት ብቻ ናቸው፦ «እ.ኤ.አ.»። እንዲሁም ከማሽን ትርጉም በቀጥታ ተገልብጠው የተለጠፉ፣ ቃላቸው አማርኛ ሆኖ ነገራቸው የማይገባ አንቀጾች አሉ፤ እነርሱን ማጽዳት አዲስ ከመጻፍ ይልቅ ይከብዳል፤ ያጸዳው ሰው ግን በቁጥር ሲታይ አንድ እርማት ብቻ አደረገ ይባላል።

ቁጥሩ የሚያደናግረውም እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ላይ ከባርንስታር ጎን ለጎን የአገልግሎት ምልክት የሚባል አለ፤ ጸሐፊው ባደረጋቸው እርማቶች ብዛትና በቆየበት ዘመን መጠን ራሱ በገጹ ላይ ይለጥፈዋል። ማንንም አይጎዳም፤ እኔ ግን አልወደውም። ባለ አንድ መስመር ጽሑፎችን በብዛት የፈጠረ ሰው አንድን ጽሑፍ ለወራት ሲያቀና ከከረመ ሰው ይልቅ በዚህ መለኪያ ከፍ ብሎ ይታያልና። ቁጥር መጥቀስ አስፈላጊ በሚሆንበት ጊዜ እንኳ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሥራ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2012 ጀስቲን ናፕ የተባለ አሜሪካዊ አንድ ሚሊዮን እርማት በማድረግ የመጀመሪያው በሆነ ጊዜ ከውክፔዲያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ጂሚ ዌልስ ኤፕሪል 20ን የእርሱ ቀን ብሎ ሰየመለት፤ ዓለምም ስለ ቁጥሩ አወራ። እኔ ስለ እርሱ ይበልጥ ማወቅ የምፈልገው ከእነዚያ መካከል የትኞቹ አንባቢን ከስሕተት እንዳዳኑ ነው፤ ይህን ሊነግረን የሚችለው አብሮት የሠራ ጸሐፊ ብቻ ነው።

ሽልማቱ ጨዋታ ሆኖ የማይቀርበትን ምክንያት ለመረዳት የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከተከፈተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የገጠመውን ችግር ማየት ይገባል። የንቁ ጸሐፊዎቹ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2007 ጫፍ ደርሶ ከዚያ በኋላ ማሽቆልቆል ጀመረ። አዲስ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያ እርማቱ ወዲያው እየተሰረዘበት፣ በውይይት ገጹ ላይ ሰላምታ በመጠበቅ ፈንታ በኮምፒውተር የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ እያገኘ ይመለስ ነበር። ለዚህ ከተሰጡት መልሶች አንዱ በጁን 2011 የወጣው፣ በልብ ሥዕል የሚታወቀው የፍቅር መግለጫ መሣሪያ ነው። ከዚያ በፊት ባርንስታር ለመስጠት መለጠፊያውን፣ ማለትም ሥዕሉንና ቃሉን በገጹ ላይ የሚያወጣውን ቅጽ፣ ፈልጎ ኮዱን በእጅ መጻፍ ያስፈልግ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ቁልፍ መጫን በቂ ሆነ። ከኮከቡ ጋር የድመት ግልገል ሥዕል፣ ባቅላባ፣ ቡናና ሻይም መላክ ተቻለ። በሜይ 2013 ደግሞ ከእያንዳንዱ እርማት ጎን አንድ ጊዜ ተጭኖ «አመሰግናለሁ» የሚባልበት ማያያዣ ተጨመረ።

እነዚህ መሣሪያዎች ብዙ ሰዎችን እንዳስደሰቱ አልጠራጠርም፤ ቡና በሥዕል መላክም ለዘጌ ቡና ጎረቤት ለሆንነው ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ በቀለለ መጠን አንድ ነገር እንደ ጎደለ ይሰማኛል። ቁልፍ ብቻ ሲጫን ሰጪው ለምን እንደ ሰጠ መጻፍ አይገደድም። የቀድሞዎቹን ባርንስታሮች ያነበበ ሰው ዋናው ነገር ከሥዕሉ ሥር ያለው መስመር መሆኑን ያስተውላል፤ «በዚህ ጽሑፍ ሁለተኛው ክፍል ላይ የነበረውን የአቆጣጠር ስሕተት ስላቃናህ» የሚል መስመር፣ ሰጪው ሥራውን እስከ መጨረሻው እንዳነበበው ያረጋግጣል።

ኮከቡ በእርግጥ የሚሠራው ምን እንደሆነ በሙከራ የመረመሩም አሉ። ማይክል ሬስቲቮ እና አርኖት ቫን ደ ራይት እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ላይ ከሁሉም በላይ ከሚሠሩት አንድ በመቶ ጸሐፊዎች መካከል 200 ሰዎችን መረጡ። ለግማሾቹ በዕጣ ባርንስታር ሰጡ፤ ለቀሩት ምንም አልሰጡም፤ ከዚያም ሁለቱን ወገኖች ለ90 ቀናት ተከታተሉ። ኮከብ ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ምርታቸው በ60 በመቶ በልጦ ተገኘ፤ ከሌሎች ጸሐፊዎች ተጨማሪ ኮከብ የማግኘት ዕድላቸውም ስድስት እጥፍ ሆነ። ይህ ሁለተኛው ግኝት ብዙ ሊያሳስበን ይገባል። ሰዎቹ በዕጣ የተመረጡ በመሆናቸው ከባልደረቦቻቸው የተሻሉ አልነበሩም፤ አንድ ሰው አስቀድሞ ስላያቸው ብቻ ሌሎችም አዩአቸው። ሁለቱ ተመራማሪዎች በኋላ ሙከራውን ያን ያህል ወደማይሠሩት ጸሐፊዎች ባሰፉት ጊዜ ግን ኮከቡ የሥራ መጠናቸውን አላሳደገውም፤ ቀድሞውኑ በሥራው ለተጠመደ ሰው እንጂ ለሁሉም በአንድ ልክ የሚሠራ መድኃኒት አልሆነም።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ ከስዊዘርላንድ የመጣው ጥናት ነው። ያና ጋሉስ በጀርመንኛው ውክፔዲያ ላይ ያተኮረችው በአዲስ ገቢዎች ላይ ነበር። ገና መጻፍ ከጀመሩ ወደ 4 ሺህ ከሚጠጉ ሰዎች መካከል በዕጣ ለተመረጡት በአልፕስ ተራራ ላይ በሚበቅለው ኤደልቫይስ አበባ የተሰየመ ሽልማት ተሰጠ፤ የተሸለሙት ስማቸው በአንድ ገጽ ላይ ይዘረዘር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ሽልማቱን ያገኙ አዲስ ጸሐፊዎች በሚቀጥለው ወር ሥራቸውን የመቀጠላቸው ዕድል በ20 በመቶ ከፍ አለ፤ ውጤቱም ወዲያው አልጠፋም፣ ለአንድ ዓመት ያህል ታየ። አበባው የሚበላ አይደለም፤ የሚሸጥም አይደለም። ለሰዎቹ የደረሳቸው፣ መምጣታቸው በሌላ ሰው ዘንድ መታወቁ ነው።

ከዚህ በላይ ያለውን ክብር በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዓመታዊው የዊኪሜዲያ ጉባኤ ላይ የዓመቱ ዊኪሜዲያን ይመረጣል፤ የመጀመሪያው ካዛክስታናዊው ራዋን ከንዤሃኑሊ ነበር። ከአፍሪካ የጋናው ፊሊክስ ናርቴ በ2017፣ የቱኒዚያዋ ኤምና ሚዙኒ በ2019፣ የጋናዋ ሳንዲስተር ቴይ በ2020 ተመርጠዋል። በእነዚህ ሰዎች እኮራለሁ። ነገር ግን ለዓመቱ አንድ ሰው የሚመረጥበት ክብር፣ ማክሰኞ ማታ የሆሄ መምሪያ ገጽ ለሚሠራ ሰው አይደርሰውም።

በጣና ዙሪያ ያደገ ሰው ስለ ጽሑፍ ድካም ሲናገር ስለ ገዳማቱ ሳያነሣ ማለፍ ይከብደዋል። በክብራን ገብርኤልና በሌሎቹ ደሴቶች በብራና የተጻፉ መጻሕፍት ተጠብቀው ኖረዋል፤ ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለው ጀርመናዊ ሊቅም የጣናን የብራና መጻሕፍት ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1977 በታተሙ ጥራዞች አውጥቷል። በብዙዎቹ የብራና መጻሕፍታችን መጨረሻ ላይ እንዲህ የሚል ልመና እናገኛለን፦ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ፣ ለዘአንበቦ ወለዘተርጐሞ፣ ወለዘሰምዐ ቃላቲሁ ኅቡረ ይምሐሮሙ እግዚአብሔር።» የጻፈው፣ ያስጻፈው፣ ያነበበው፣ የተረጐመው፣ ቃሉን የሰማው፣ ሁሉም በአንድ ረድፍ ቆመዋል። አባቶች መጽሐፍን የአንድ ሰው ሥራ አድርገው አላዩትም። ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ዓይኑ እስኪፈዝ የጻፈው ሰው እንዳይረሳ ስሙን በመጨረሻው ቅጠል አኖሩለት፤ ክፍያው የጸሎት መታሰቢያ ነው። የውክፔዲያው ኮከብ ዓለማዊ ነገር ነው፤ ከዚያ ክብር ጋር አላስተካክለውም። ነገር ግን የሥራውን ዓይነት ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ ድካም የራሱን ስም ሰጥቶ ማመስገን ለእኛ እንግዳ ልማድ እንዳልሆነ ከዚህ እረዳለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልመለስ። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት፤ የአማርኛው ያሉት ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ናቸው። ልዩነቱ የጽሑፍ ብዛት ብቻ አይደለም። እዚያ አንድ ሰው ጥሩ ነገር ቢሠራ በአቅራቢያው የሚያልፍ ሌላ ጸሐፊ የማየት ዕድሉ ሰፊ ነው። በእኛ ዘንድ «በቅርብ ጊዜ የተለወጡ» የሚለውን ገጽ በመደበኛነት የሚከፍቱ ሰዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ኢንተርኔት በክልላችን በተቋረጠባቸው ወራት ደግሞ ከእነዚያም ብዙዎቻችን አልነበርንም። አንድ አዲስ ሰው መጥቶ የሚረባ አንቀጽ ጽፎ ቢሄድ፣ አንድም ሰው ሳያየው ሊቀር ይችላል። ስድቡም ማስጠንቀቂያውም የለም፤ የሚያጋጥመው ዝምታ ነው፤ እኔ ዝምታው ይበልጥ የሚያባርር ይመስለኛል።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ሀብት ትምህርት የምትማር አንዲት ልጅ ይህን በተግባር አሳየችኝ። ስለ ጣና ዓሦች በአማርኛ ስትፈልግ ያገኘችው ጥቂት ነገር ብቻ ስለነበር፣ በሐይቁ ከሚገኙት 15 ያህል የነጭ አሣ ዝርያዎች አንዳንዶቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወንዞች እንደሚወጡ፣ በዚያን ጊዜ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ መዘርጋትም ዘራቸውን እንደሚጎዳ የሚያስረዳ አንቀጽ ጻፈች። የዓሣ አስጋሪዎቹን ቃላት ጠብቃለች፤ አምባዛውን አምባዛ፣ ቆሮሶውን ቆሮሶ ብላለች። ጽሑፉን ያየሁት ከተጻፈ ብዙ ቆይቶ ነው። በውይይት ገጿ ላይ ኮከቡን ለጥፌ፣ የወንዞቹን ስም በትክክል በመጻፏና በሐይቁ ዳር የሚነገሩትን የዓሣ ስሞች በመጠበቋ እንደሆነ ከሥሩ ጻፍሁ። በማግስቱ መልስ ሰጠች፦ «ጋሼ፣ የሚያነበው ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር።» ከዚያ በኋላ ስለ እምቦጭ የሚናገረውን ክፍል አስፋፋች፤ አረሙ በሐይቁ ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 መሆኑን ጨምራ የጎደለውን ሞላች።

በከተማችን አልፎ አልፎ እየተገናኘን አብረን የምንጽፍ ሰዎች ከዚህ በኋላ ተወያየን። አንዱ የእኛ ሽልማት ምልክት የፔንስልቬንያ ኮከብ ሊሆን አይገባም፣ ስዊሶቹ ኤደልቫይስን እንዳደረጉት እኛም አደይ አበባን እናድርግ አለ፤ ሌላው የደንገል ታንኳ ይሁን ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም ሐሳቦች ያምራሉ፤ እኔ ወደ ታንኳው አደላለሁ፤ የሐይቁ ሰው ሁሉ ያውቀዋልና። ይበልጥ የተሟገትሁት ግን ስለ ሁለት ሌሎች ነገሮች ነው። አንደኛው፣ ምስጋናው በመጀመሪያ ለአዲስ ገቢዎችና የመምሪያ ገጽ፣ የአቆጣጠር፣ የትርጉም ማጽዳት ሥራ ለሚሠሩ እንዲሰጥ፤ ብዙ የጻፍነው ቆየት ያልን ሰዎች እርስ በርሳችን እንዳንሸላለም ነው። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ላይ ባርንስታር የወዳጆች መወዳደሻ ሆኗል የሚለው ወቀሳ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ጥቂት ሆነን ሳለ ይህ ልማድ ቢገባብን ቶሎ ያጠፋናል።

ሁለተኛው የመለጠፊያው አሠራር ነው። በዚህ ላይ ሁላችንም ተስማማን፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የሆነው ባልደረባችንም ረቂቁን ሠርቶታል። መለጠፊያው ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ የተቀባዩን ስም፣ የጽሑፉን ርእስና ምክንያቱን። ምክንያቱ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ከቀረ ሥዕሉ በገጹ ላይ አይወጣም፤ በምትኩ የትኛውን ሥራ አይተው እንደሆነ እንዲጽፉ የሚያሳስብ አንድ መስመር ለሰጪው ይታያል።